ያልተላጠ አያረጅም

ተወልጄ ያረጀሁባት ከተማ ስም አላት። መግቢያዋ ላይ በትልቅ ሰሌዳ ተጽፏል። ሰሌዳው የቆመ ዕለት ቀለሙ እንዳይበላሽ ተብሎ በላስቲክ ተሸፈነ። ላስቲኩን ፀሐይ መታውና ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ ጽሕፈቱ አልታይ አለ። ከዚያ ወዲህ እኛ የአገሩ ሰዎች «ከተማችን» እያልን ኖርን። እንግዳ መጥቶ «ይቺ ከተማ ማን ትባላለች?» ሲል ወደ ሰሌዳው እናሳየዋለን፤ እሱም አየት አድርጎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። እንግዲህ ልጆቼ፣ ስሟን ሳልነግራችሁ ብጀምር ንቄያችሁ አይደለም።

የማወራችሁ ስለ ዕቃ ነው፤ ስለ ስልኩ፣ ስለ ቴሌቪዥኑ፣ ባትሪ ስለሚበላው ነገር ሁሉ። እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ማንበብ እችላለሁ፣ ግን ዝግ ብዬ ነው። የእኔ እኩዮች በዘንድሮ ዕቃ ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እኔ አላማርርም። ጆሮዬ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል መሣሪያ አለች። እሷን የሠራውን ሰው፣ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ እግዜር እጁን ይባርክለት እያልኩ ጧት ጧት አመሰግነዋለሁ። ስሙን እንኳ አላውቀውም። ይኸ ሁሉ ምስጋና ከየት መጣ ለምትሉኝ ታሪኩ ይኸው።

በከተማችን አዲስ ዕቃ ከላስቲኩ አይወጣም። ሕግ ነው። ላስቲኩ የዕቃው ቆዳ ነው፣ ቆዳው የተገፈፈ ነገር ደግሞ አይሰነብትም ይባላል። በአዳራሹ ግድግዳ ላይም «ያልተላጠ አያረጅም» ተብሎ ተጽፏል። ስልክ ሲገዛ ፊቱ ላይ የምትመጣዋ ስስ ላስቲክ ዳሯ ይቆለመማል፣ አቧራ ትጠጣለች፣ ሰው ግን እሷኑ እያሸ ይደውላል፤ ለወንድሙ የደወለ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው፣ ካገኘው ጋር ተጫውቶ ይዘጋል። ሪሞት በፌስታል ተቋጥሮ ይኖራል። ቴሌቪዥን ከነካርቶኑ ይቀመጣል። ካርቶኑ ላይ የአንድ ቀይ አበባ ሥዕል አለ፤ ቤተሰቡ አበባውን እያየ ድምፁን ያዳምጣል። ዜናውም፣ ኳሱም፣ የሐዘን ማስታወቂያውም የሚታየው በዚያች አበባ ነበር። መነጽር የሚያደርግ ሰው የቁጥሩን ወረቀት ከመስተዋቱ መካከል አያነሳም፤ ስለዚህ ዓለምን በግራና በቀኝ ያያታል እንጂ ፊት ለፊት አያያትም።

ያልተላጠ ዕቃ ያለው ሰው «ባለ አዲስ» ይባላል። አዳራሽ ውስጥ ፊት ወንበር ይሰጠዋል፣ ከነትራሱ። ዕቃውን የላጠ ሰው «የተላጠ» ይባላል፤ እሱ ከአዳራሹ በር ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ ይቀመጣል። ይኸንን ሁሉ የሚጠብቀው የላስቲክ ሹሙ አቶ ልሳነወርቅ ነው። ረዳቶቹ በወር አንድ ጊዜ ጥፍር መቁረጫ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ረጅም ጥፍር ላስቲክን ይፈትናልና። ለሴቶች ብቻ፣ ነጭ ሽንኩርት ሳይላጥ ወጥ ስለማይሆን፣ የቀኝ እጅ የአውራ ጣት ጥፍር በፈቃድ ይተውላቸዋል። ባለቤቴ ይርገዱም ፈቃዷን ወጥ ቤት ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅላዋለች። ይቺን ጥፍር አትርሷት።

ስድሳ አራት ዓመቴ ላይ ጆሮዬ ከበደ። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ ሴቶች፣ በመጨረሻ ወንዶችም ጠፉ። እኔም እንደ ብዙ ሽማግሌ አፍሬ ደበቅሁት። ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ፊቱን አያለሁ፣ አንገቴን እነቀንቃለሁ፣ ሲጨርስ «እሺ» እላለሁ። ይኸ ጠባዬ በከተማው ተወደደ። በዚያን ጊዜ የከተማው አድማጭ የነበረው ሰው፣ አቤቱታ የሚሰማው ማለቴ ነው፣ ለባለ ጉዳይ መልስ እየሰጠ አስቸግሮ ተነሳ። «እንደ ጋሽ ወንድይራድ ያለ የሚያዳምጥ ሰው የት ይገኛል?» ተባለና እኔ ተሾምኩ። ከምሳ በኋላ እስከ ማታ አዳራሹ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ሰው ይነግረኛል፤ እሺ እላለሁ፤ ቀሎት ይሄዳል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። አንድም ቅሬታ አልቀረበብኝም፤ ቢቀርብም የሚቀርበው ለእኔው ነበር።

በቤቴ ግን አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። ይርገዱ ጆሮዬ እንደከበደ ታውቃለች፤ በእጅ ምልክት እንግባባለን። ነገር ግን በየቀኑ፣ ምሳ በልቼ ከቤት ስወጣ፣ በሩ ላይ ትቆምና አንድ ነገር ትለኛለች። ከንፈሯ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚንቀሳቀሰው። አጭር ነገር ነው። ያን ጊዜ በእጇ ምልክት አትሰጠኝም፤ ጫማዬን ወይም ደጁን ነው የምታየው። እኔም እሺ እላትና እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ምን አልሽ ብላት ኖሮ ቀላል ነበር። አንድ ዓመት እሺ ካሉ በኋላ ግን እንዴት ይጠየቃል? ሰባት ዓመት ካሉ በኋላስ? እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጻፊልኝ አይባል።

ወዳጄን እንግዳወርቅን አማከርኩት። እንግዳወርቅ ልብስ ሰፊ ነው፤ የልጅ ልጁን ፎቶ በደንብ ለማየት ብሎ የስልኩን ላስቲክ ስላነሳ ከተላጡት ጋር ይቀመጣል። ነገሬን ሰምቶ በቁራጭ ወረቀት እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ሰባት ዓመት እሺ ካልክ፣ ቤቱ በማን ስም እንደሆነ አጣራ።»

ሳቅሁ፤ ግን እቤት ገብቼ ካርታውን አየሁት። በስሜ ነው። ታዲያ በምን ነገር ነው የተስማማሁት? ቀኑን ሙሉ የሰው አቤቱታ ላይ እሺ እያልኩ ልቤ የነበረው እዚያ በር ላይ ነው።

በሰባተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ከተማው ስላገለገልኩ ሊሸልመኝ ወሰነ። ከባሕር ማዶ አንዲት የመስሚያ መሣሪያ መጣችልኝ። በሳጥን ውስጥ ሳጥን፣ በዚያ ውስጥ ሌላ ሳጥን፣ በዚያ ውስጥ ስስ ላስቲክ ተጠቅልላ ተገኘች። አቶ ልሳነወርቅ በሕዝብ ፊት ከነላስቲኳ ጆሮዬ ውስጥ ሰካልኝ። ሹ ሹ ሹ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዝናብ ነው። ውጭ ካፊያ ነበርና ዕንባዬ መጣ። ሰባት ዓመት ዝናብ አልሰማሁም ነበር። «ዝናቡ ይሰማኛል» አልኩ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ግን አልተሰማኝም፣ የታየኝ እጁ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ ዘነበ። ጥቅምት ዘነበ፣ ኅዳር ዘነበ። ሳኝክ ይበረታል፣ ዝም ስል ያባራል። ለሰው ስነግር፣ የባለ አዲስ መሣሪያ አይዋሽምና፣ ሰው ጃንጥላ መያዝ ጀመረ፤ ጃንጥላውም ከነከረጢቱ ነው እንጂ አይዘረጋም። በታኅሣሥ አቶ ልሳነወርቅ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «በአዲስ መሣሪያ ብቻ የሚሰማ ዝናብ እየጣለ ስለሆነ ነዋሪው እንዲጠነቀቅ።» አንድ ገበሬ ቦይ ቆፈረ። ይርገዱም በርበሬዋን ግቢ ውስጥ ባሰጣች ቁጥር «ዝናብ መጣ» እያልኩ አስነሳታለሁ፤ አምስት ወር ሙሉ በርበሬው ሳይደርቅ ቀረ።

በሩ ላይ የምትለውን ግን አሁንም አልሰማሁም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዝናቡ ይዘንባል።

አዳራሽ ሄጄ ለላስቲክ ሹሙ አመለከትኩ። «ዝናቡ ይሰማኛል፣ ሰው አይሰማኝም» አልኩት። እሱም የላስቲክ ኮሚቴውን ሰብስቦ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ። ሦስቱንም እሺ አልኩ። ውሳኔውን በጽሑፍ ሰጡኝና መንገድ ላይ ቆሜ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አስኪጄ አነበብኩት። «መሣሪያው መልካም ነው ብለን እንጻፍ ወይ ሲባሉ እሺ ብለዋል። አመልካቹ በደንብ ይሰማሉ ብለን እንጻፍ ወይ ሲባሉ እሺ ብለዋል። ላስቲኩ ለተጨማሪ አምስት ዓመት ይቆይ ወይ ሲባሉ እሺ ብለዋል።» ከታች ማኅተም አለበት። ማኅተሙም በላስቲክ ተሸፍኗል።

አንድ ሐሙስ፣ በየካቲት ፀሐይ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ጓሮ ስወጣ ይርገዱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። በርበሬዋ ተሰጥቷል። ከእኔ ወደ ሰማይ፣ ከሰማይ ወደ በርበሬው አየች። በእጇ ምን ሆንክ አለችኝ።

«እየዘነበ አይደል እንዴ? በርበሬሽን አንሺው» አልኳት።

አላነሳችም። ተነስታ መጣችና መሣሪያዋን ከጆሮዬ ነቀለች። ፀሐይ ላይ አዙራ አየቻት፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት። ያቺን በፈቃድ የተተወች ጥፍሯን ከላስቲኩ ዳር ሥር አስገባችና ልክ እንደ ነጭ ሽንኩርቱ ላጠቻት። ልጣጩን ከሽንኩርቱ ልጣጭ ጋር ጣለችው። በእኛ ቤት ሕግ የፈረሰው እንዲህ ነው። መልሳ ጆሮዬ ላይ ሰካችልኝ።

ዝናቡ ቆመ። አምስት ወር የዘነበ ዝናብ በአንዴ ቀጥ አለ። ዶሮዋ ስትጭር ሰማሁ። በርበሬው በነፋስ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ የማላውቃት አሮጊት ከጎኔ «አሁንስ?» አለች።

ዞር አልኩ። «እንግዳ መጥቷል እንዴ?» አልኳት ለይርገዱ።

«የምን እንግዳ?» አለች ያቺ አሮጊት፣ በይርገዱ አፍ።

ልጆቼ፣ ፊቷ ሲሸበሸብ በየቀኑ እያየሁት አብሬው ነው ያረጀሁ። ድምፅዋ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ብቻውን አርጅቷል። ሰነጣጥቋል፣ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። እኔ የማውቀውን የድሮውን ድምፅ ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። ያልተላጠ አያረጅም ማለት ሐሰት መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ተናገሪ እስቲ» አልኳት።

«ምን ልበል?»

«እሱኑ ድገሚው።»

«ምን ልበል?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

«ሞኝ» አለችኝ። ሞኝ ስባልም ከሰማሁ ሰባት ዓመቴ ነው።

ምሳ በላን። ስታላምጥ ሰማኋት፣ ውኃ ስትቀዳ ሰማኋት፣ ሳትጠራው የሚመጣውን የጎረቤት ድመት ስትሳደብ ሰማኋት። ብዙ ተጫወትን፤ ስለዚያ ስለ በሩ ነገር ግን አላነሳሁም። ፈራሁ። ሰዓቱ ደረሰና ጫማዬን አጠለቅሁ። ወደ በሩ ሄድኩ። እንደ ወትሮዋ መጥታ ቆመች፤ ጫማዬን አየች፤ ደጁን አየች።

«ቶሎ ና» አለችኝ። «ብቻዬን ቀኑ ይረዝምብኛል።»

«እሺ» አልኳት። ከልምዴ የተነሳ ከአፌ ቀድሞኝ ወጣ።

ይኸው ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የተስማማሁት በዚህ ነው። በየቀኑ እሺ ብዬ ወጥቼ፣ በየቀኑ መብራት ሲበራ ተመለስኩ። ሌላው ነገር ባይሰማኝም ይቺ እንደምትሰማኝ ነበር የምታስበው፤ ቦታውን ጠብቄ መልስ እሰጣለሁና። እሺ ብሎ የሚቀር ባል ነበራት። አንድ ቀን እንኳ ለምን ቀረህ ብላ ፊቷን አላጠቆረችብኝም፤ እራቴን እያሞቀች ጠበቀችኝ። እስከ አዳራሹ ድረስ ይኸን እያሰብኩ ሄድኩ። መንገዱ ድምፅ የሞላው ነበር፤ ምኑንም አላስተዋልኩ።

ወንበሬ ላይ ከመቀመጤ አቶ ልሳነወርቅ መጣ። ሁልጊዜ አፉ ሰፊ ሆኖ ስለማየው ድምፁ ነጎድጓድ ይመስለኝ ነበር። የጫጩት ድምፅ ነው ያለው፣ ምስኪን።

«ጋሽ ወንድይራድ፣ መሣሪያዎ ራቁቷን ነች» አለኝ።

«ባለቤቴ ላጠቻት።»

«በምን?»

«በፈቃድ በተተወላት ጥፍር።»

ይኸ ይጻፍ አይጻፍ እሱና የአዳራሹ ጸሐፊ ተማከሩበት። ከዚያ አቶ ልሳነወርቅ ከቦርሳው አዲስ ላስቲክ አወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊረዳኝ ነው። «አሁኑኑ እንሸፍናታለን፣ ማንም ምንም አላየም» አለኝ። «ሹመትዎ እንዳለ ነው፣ ትራስዎ እንዳለ ነው። ለመጪው ዓመት ደግሞ ባለ ሁለት አበባ ቴሌቪዥን ታስቦልዎታል። ካልተሸፈነች ግን አድማጭ ሆነው መቀጠል አይችሉም። ደግሞም ታረጃለች፣ ጋሼ። ያሳዝናል።»

«እኔም አርጅቻለሁ» አልኩት። «አብረን እናርጅ።»

«እንሸፍናት አይደል?»

ሕዝቡ እሺታዬን ጠበቀ። ስድስት ዓመት ያውቀዋል።

«እምቢ» አልኩ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ጸጥታ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ የደንቆሮ ጸጥታ ግን ባዶ ነው። ይኸኛው ሰው የሞላበት ነው፤ ትንፋሽ አለበት፣ አንዱ ይስላል፣ የአንዱ ወንበር ሲጥ ይላል። ጆሮዬን ሰጥቼ ትንሽ አዳመጥኩትና ተነሳሁ። ስድስት ዓመት የተቀመጥኩበት ትራስ ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ተራ ለሚጠብቁት ሰዎች «ስድስት ዓመት የነገራችሁኝን አንዱንም አልሰማሁም» አልኳቸው። «ይቅር በሉኝ። ነገሩ ያልቀለለው ካለ ቤቴ ይምጣ።»

አንዲት በየሳምንቱ የምትመጣ ሴትዮ፣ ወይዘሮ ብርዛፍ፣ «እኔስ እሺ ሲሉኝ ደህና ይቀለኝ ነበር፣ ጋሼ» አለችኝ። «የቧንቧውን ነገር ግን አሁን ከመጀመሪያው ልድገምልዎት?»

«ነገ ጧት» አልኳት። «ዛሬ ቀጠሮ አለብኝ።»

በሩ ላይ ከተላጡት ጋር የተቀመጠው እንግዳወርቅ «እንኳን ደህና መጣህ፤ እዚህ ፀሐይ አለ» ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ለካ ድምፁ ጎርናና ነው። ነገ እመጣለሁ አልኩት። «ደግሞ ምን አስቸኮለህ? ሹመት የለህ፣ ምን የለህ» አለኝ። ነገሩን ብነግረው ደስ ባለኝ፣ ግን ሰዓቱ ይሄድብኛል። እጄን አውለብልቤለት አለፍኩ።

እቤት ስደርስ የምሳውን ሳህን ገና አጥባ አልጨረሰችም። ክንዷ ድረስ አረፋ ነው። በሩ ሲከፈት ቀና አለች።

«ምን ረስተህ ነው?»

«ምንም አልረሳሁም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ መጣህ?»

«ቶሎ ና አልሽኝ» አልኳት። «እሺ አልኩሽ።»

ይርገዱ ሳህኑን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ጥርግ ካለም በኋላ መጥረጓን አልተወችም። ፀሐዩን አየች፣ የደረቀውን በርበሬ አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝ።

«ትንሽ ዘገየህ» አለችኝ።

ሰማኋት።